ጋፕ፣ ክፍተት፣ መራራቅ

ስለ ትምህርት ጥራት በተነሳ ቁጥር «ጋፕ» አይቀርም፤ የከተማና የገጠር ጋፕ፣ የሴትና የወንድ ጋፕ። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ደግሞ «ክፍተት» ይሆናል። እኔን ከባዕዱ ቃል ይልቅ የሚቆረቁረኝ ይኸኛው ነው። «ከፈተ» ከሚለው ግስ የመጣ፣ ያልተዘጋ ቦታ ማለት ነበር። ሪፖርት ጸሐፊዎቻችን ግን «ክፍተቶች ታይተዋል» እያሉ «ጥፋት» የሚለውን ቃል የሚያለባብሱበት አደረጉት። እናም ዛሬ «የገጠር ተማሪዎች ክፍተት» ሲባል ጉድለቱ የልጆቹ ይመስላል።

በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ያለ ነበር፤ ሲዳማ ላይ ከግማሽ በላይ። ታዲያ ይህ የማን ክፍተት ነው? የሁለተኛ ክፍል ልጅ እኮ ነው!

«ልዩነት» እንዳንል ቃሉ የላላ ነው፤ የመልክም የጠባይም ልዩነት አለ፣ ማንንም አያሳስብም። እኔ «የውጤት መራራቅ» ብንል እመርጣለሁ። «የከተማና የገጠር ተማሪዎች የንባብ ውጤት መራራቅ» ትንሽ ይረዝማል፣ ይሁን። «ተራራቀ» አንዱን ወገን ብቻ አይይዝም፤ ሁለቱንም ይጠራል። አድራጊም አለው፤ «ማን አራራቃቸው?» ተብሎ ይጠየቅበታል። «ማን ጋፕ አደረጋቸው?» ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን አልሰማሁም።