የቁና ቁልል

በሀገራችን የይዘት ስሌት ከመጽሐፍ አስቀድሞ በአውድማ ላይ ይኖር ነበር። ገበሬው እህሉን በቁና፣ በላዳንና በዳውላ ይሰፍር ነበር፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች ታሪክ ባቀረቡት ጥናት እንደሚታየውም፣ የእነዚህ መስፈሪያዎች ልክ ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ይሁንና በአንድ መስፈሪያ ላይ ስምምነት ቢገኝ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከአፉ በላይ የሚቆለለው የማን ነው?

ደረቅ እህል ሲቆለል ሾጣጣ ይሆናል፤ ከፍታውም በግምት የመስፈሪያውን አፍ ስፋት ሩብ ያህል ነው። ሾጣጣ ደግሞ መሠረቱና ከፍታው እኩል ከሆነው ሲሊንደር ሲሶውን ይይዛል። ይህን አስቀድሞ የተናገረው ዴሞክሪጦስ፣ ያረጋገጠውም ኤውዶክሶስ መሆኑን አርኪሜዲስ መስክሯል። እንግዲህ የአፉ ስፋት 40፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስፈሪያ እስከ አፉ 25 ሊትር ገደማ ሲይዝ፣ ቁልሉ ከ4 ሊትር በላይ ይጨምርበታል፤ ይኸውም አንድ ስድስተኛ ነው። ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ያው ቁልል የመስፈሪያውን ሲሶ ያህላል።

ምርት ሲካፈል ሁሉም በአንድ አሰፋፈር እስከተሰፈረ ድረስ ቁልሉ ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው በቁርጥ ግብርና በብድር ነው። በዚያ በመጀመሪያው መስፈሪያ 6 ቁና በአፍ ልክ አበድሮ 6 ቁና በቁልል የተቀበለ ሰው፣ ስሙ ያልተጠራ አንድ ቁና ወለድ አግኝቷል። የፈረንሳይ ገበሬዎችም እ.ኤ.አ. በ1789 ካሰሙት አቤቱታ አንዱ የባላባቶቹ መስፈሪያ ነበር፤ የሜትር ሥርዓት የተወለደውም ከዚያ አብዮት ነው። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1963 የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ ወጣ።

ሜትር ኩብ ግን ክርክሩን አልዘጋውም። ቀድሞ የእርሻ ምድር በነበረው፣ ዛሬ ሕንፃ በሞላው ላፍቶ፣ አሸዋ የሚገዛው በመኪናው የጭነት ሣጥን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተባዝቶ ነው። ቁልሉ እዚህም አለ፤ በመንገድ ላይ መንቀጥቀጡ ግን ያሰጥመዋል። ከቁልሉ ይልቅ የሚያታልለው እርጥበት ነው። በመጠኑ የራሰ ደቃቅ አሸዋ፣ ስስ የውሃ ሽፋን ቅንጣቶቹን ስለሚያራርቃቸው፣ ከደረቁ 20 ወይም 30 በመቶ ያህል ሊነፋ ይችላል፤ ጨርሶ ውሃ ሲጠግብ ተመልሶ ይሰጥማል። ስለዚህ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በ1፡2፡4 የሚቀይጥ ግንበኛ እርጥቡን አሸዋ ሳያካክስ ቢሰፍር፣ ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ አሸዋው ጎድሏል።