ከአንድ ሻጭ የተገዙ በርካታ ዕቃዎችን በአንድ ክፍያ ማጠቃለልና የገዢው ዋስትና

በኢንተርኔት የገበያ መድረኮች ከአንድ ሻጭ ሁለትና ከዚያ በላይ ዕቃዎችን ገዝቶ በአንድ ክፍያና በአንድ ጥቅል መረከብ የመላኪያ ወጪን በእጅጉ የሚቀንስ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ማጠቃለሉ ከመድረኩ ደንብ ውጪ ከተፈጸመ ገዢው ገንዘቡን የሚያስመልስበትን ዋስትና ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። አሠራሩ በስፋት ከሚታይባቸው መድረኮች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ኢቤይ ነው።

ኢቤይ እ.ኤ.አ በመስከረም 1995 በካሊፎርኒያ ግዛት ሳን ሆዜ ከተማ ፒዬር ኦሚድያር በተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ የተመሠረተ ሲሆን፣ የአሁኑን ስያሜውን የያዘው በ1997 ነው። በመድረኩ የተሸጠው የመጀመሪያው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር ማመልከቻ እንደነበረ ኩባንያው ይገልጻል። ዕቃው መበላሸቱ አስቀድሞ የተገለጸ በመሆኑ ገዢው የሚያቀርበው ቅሬታ አልነበረም። የዋስትናው መሠረተ ሐሳብም እስከ ዛሬ ይኸው ነው፤ ገዢው የተረከበው ዕቃ የሚመዘነው ሻጩ በማስታወቂያው ላይ ካሰፈረው መግለጫ አንጻር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2002 የገዛው ፔይፓል የተሰኘው የክፍያ ድርጅት በ2015 ራሱን ችሎ የተለየ በመሆኑ፣ ሁለቱ ድርጅቶች በአሁኑ ወቅት የየራሳቸው የዋስትና ደንብና የጊዜ ገደብ አላቸው።

በመድረኩ ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መለያ ቁጥር፣ መግለጫና ዋጋ ይኖረዋል። ቁርጥ ዋጋ የወጣላቸውን ዕቃዎች በግዢ ቅርጫት ውስጥ አሰባስቦ በአንድ ጊዜ መክፈል ይቻላል። በጨረታ የተገኙ ከሆነ ደግሞ ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ጠቅላላ ሂሳቡ ተሰልቶ እንዲቀርብለት ሻጩን በመድረኩ በኩል ይጠይቃል፤ ሻጩም የመላኪያውን ወጪ ቀንሶ አንድ የክፍያ መጠየቂያ ይልካል። ለምሳሌ አንድ የቴምብር ሰብሳቢ ከአንድ ሻጭ አምስት የኢትዮጵያ ቴምብሮችን በተለያዩ ጨረታዎች ቢያሸንፍና ለእያንዳንዱ 4 ዶላር የመላኪያ ቢጠየቅ በድምሩ 20 ዶላር ያወጣል። አምስቱ በአንድ ፖስታ ቢላኩ ግን ወጪው ከአንዱ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። ክፍያው ተነጣጥሎ ከተፈጸመ በኋላ ልዩነቱ እንዲመለስ መጠየቅ ጉዳዩን በሻጩ በጎ ፈቃድ ላይ የሚጥል ነው።

ክፍያው አንድ ቢሆንም ዕቃዎቹ የየራሳቸውን መለያ ቁጥር እንደያዙ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ከአምስቱ አንዱ ጉድለት ቢገኝበት ገዢው በዚያ ዕቃ ላይ ብቻ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ የቀሩትን አራት መመለስ አይጠበቅበትም።

አብዛኛው ችግር የሚነሳው ሻጩ «ግዢዎቹን እንሰርዛቸውና ገንዘቡን በቀጥታ ላክልኝ፤ የመላኪያውን እቀንስልሃለሁ» የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ነው። ሐሳቡ ሁልጊዜ ከተንኮል የሚመነጭ አይደለም፤ አንዳንዱ ሻጭ የመድረኩን የአገልግሎት ክፍያ ለማትረፍ ብቻ ያደርገዋል። ውጤቱ ግን ለገዢው አንድ ነው። የኢቤይ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና የሚሠራው በመድረኩ የክፍያ ሥርዓት ለተፈጸመ ግዢ ብቻ በመሆኑ፣ የተሰረዘ ግዢ ለአቤቱታ መሠረት ሊሆን አይችልም። ከመድረኩ ውጪ መሸጥም ሆነ መግዛት በደንቡ የተከለከለ ነው። ገንዘቡ በፔይፓል ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚላክበት መንገድ ከተላከ ደግሞ የፔይፓል የገዢዎች ዋስትናም አይሸፍነውም። በዚህ መንገድ የተገኘው የጥቂት ዶላር ቅናሽ ሁለቱን ዋስትናዎች በአንድ ጊዜ ያሳጣል ማለት ነው።

ሌላው የተለመደ አማራጭ ሻጩ ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያጠቃልል አንድ አዲስ ማስታወቂያ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ክፍያው በመድረኩ እስከተፈጸመ ድረስ ዋስትናው አይቋረጥም። ሆኖም አዲሱ ማስታወቂያ የእያንዳንዱን ዕቃ ዓይነት፣ ብዛትና ይዞታ በዝርዝር መያዝና ፎቶግራፎቹንም ማካተት ይኖርበታል። «በስምምነታችን መሠረት ልዩ ልዩ ዕቃዎች» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከሰፈረበት ገዢው የጎደለውን ወይም የተለወጠውን ዕቃ የሚያነጻጽርበት ሰነድ አይኖረውም። የቀድሞዎቹን ማስታወቂያዎች ገጽታ ከመሰረዛቸው በፊት ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ማናቸውንም የመልእክት ልውውጥም በግል ኢሜይል ወይም በስልክ ሳይሆን በመድረኩ የመልእክት ሳጥን ማድረግ ተገቢ ነው፤ መድረኩ ክርክሩን ሲመረምር በቅድሚያ የሚያየው በራሱ መዝገብ ያለውን ነውና።

ዕቃዎቹ በአንድ ጥቅል ሲላኩ በአንድ የመከታተያ ቁጥር ይመዘገባሉ። ቁጥሩ ጥቅሉ ለተቀባዩ አድራሻ መድረሱን ያረጋግጣል እንጂ በውስጡ ስንት ዕቃ እንዳለ አያሳይም። ከአምስት ዕቃ አራቱ ብቻ ቢገኙ መዝገቡ «ደርሷል» ስለሚል፣ አልደረሰም በሚል የሚቀርብ አቤቱታ ለክርክር የተጋለጠ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ጥቅሉን ከመክፈት በፊት ማሸጊያውንና የክብደት መጠን የተጻፈበትን ወረቀት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የተገኙትንም ዕቃዎች ከትዕዛዙ ዝርዝር ጋር በዕለቱ ማመሳከር ይበጃል። የንብረት ክፍል ሠራተኞች በገቢ ደረሰኝ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ማጠቃለል ለገዢው የሚጠቅምበት ሁኔታም አለ። በአሜሪካው ኢቤይ ደንብ የአንድ ትዕዛዝ ጠቅላላ ዋጋ 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ሻጩ ዕቃው መድረሱን በተቀባዩ ፊርማ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። እያንዳንዳቸው 400 ዶላር የሚያወጡ ሁለት ዕቃዎች ተለያይተው ሲገዙ ፊርማ አያስፈልጋቸውም፤ በአንድ ትዕዛዝ ሲጠቃለሉ ግን ገደቡን ያልፋሉ።

የጊዜ ገደቦቹ የተለያዩ ናቸው። ለኢቤይ አቤቱታ የሚቀርበው ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ተብሎ ከተገመተበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ነው። ሻጩ በሦስት የሥራ ቀናት ጉዳዩን ካልፈታ መድረኩ ጣልቃ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። ፔይፓል በበኩሉ ክፍያ ከተፈጸመበት ዕለት አንስቶ 180 ቀናት ይሰጣል፤ ነገር ግን የተከፈተው ክርክር በ20 ቀናት ውስጥ ወደ አቤቱታ ካላደገ ይዘጋል። ጉዳዩን በአንድ ጊዜ ለመድረኩም ለካርድ ሰጪው ባንክም ማቅረብ አይቻልም፤ ባንኩ ክፍያውን እንዲያስመልስ ከተጠየቀ ኢቤይ የራሱን ምርመራ ያቋርጣል።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዘመዶቻቸው የሚገዟቸውን ዕቃዎች በሚመለከት በተለይ መታወቅ ያለበት ነጥብ አለ። ዕቃው በመጀመሪያ በአሜሪካ ለሚገኝ ዘመድ ወይም የጭነት ወኪል ከደረሰ በኋላ ወደ ሌላ አድራሻ ከተላከ የኢቤይ ዋስትና አይሸፍነውም። በመሆኑም የመጀመሪያው ተቀባይ ጥቅሉን እንደታሸገ ወደ አዲስ አበባ ከማሳለፍ ይልቅ ከፍቶ መመርመርና ጉድለት ካለ እዚያው ሳለ አቤቱታውን ማስጀመር ይኖርበታል። ብዙዎች ጥቅሉን መክፈት ከጨዋነት የራቀ አድርገው ይመለከቱታል፤ በዚህ ረገድ ግን ይሉኝታው ጎጂ ነው።

ከመድረኩ ደንብ ባሻገር የየአገሩ ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1974 የወጣው የብድር ሂሳብ ሕግ የክሬዲት ካርድ ባለቤት ያልደረሰውን ዕቃ ክፍያ የሚቃወምበትን ጊዜ ሂሳቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተላከለት ዕለት በኋላ 60 ቀናት አድርጎ ደንግጓል። በብሪታንያ በዚያው ዓመት የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ካርድ ሰጪውን ባንክ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ያደርጋል። ይሁንና የሚመለከተው ነጠላ ዋጋው ከ100 ፓውንድ የሚበልጥና ከ30 ሺህ ፓውንድ የማይበልጥ ዕቃን ነው። ሦስት ባለ 40 ፓውንድ ዕቃዎች በአንድ ክፍያ 120 ፓውንድ ቢሆኑም ሕጉ ስለማይደምራቸው በዚህ አንቀጽ አይሸፈኑም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2011 ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ በተቃራኒው አጠቃሎ ላዘዘ ገዢ ያደላል። ሸማቹ ከነጋዴ በኢንተርኔት የገዛውን ዕቃ ያለ ምክንያት የሚመልስበት የ14 ቀናት ጊዜ አለው። በአንድ ትዕዛዝ የተጠቃለሉ ዕቃዎች በተለያየ ጊዜ ከደረሱ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ዕቃ ከተረከበበት ዕለት ነው። ሻጩ ነጋዴ ሳይሆን ያገለገለ ዕቃውን የሚሸጥ ግለሰብ ከሆነ ግን መመሪያው አይመለከተውም።