ዕንባ ያጣ ዓይን



ሰው ሐዘን ሲበዛበት «ዕንባዬ ደረቀ» ይላል። ይህ በአነጋገር ነው እንጂ በእውነት ዕንባው ደርቆ አይደለም። ነገር ግን ዕንባቸው በእርግጥ የደረቀ፤ ለማልቀስ ቢፈልጉ እንኳ ጠብታ የማይወጣቸው ሰዎች አሉ። ዛሬ የምናወሳው የእነዚህን ሕመምተኞች ምሥጢር የመረመረውን የአንድ ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም ታሪክ ነው። ዘመኑንም የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሄንሪክ ሾግረን በ1899 ዓ.ም. ተወለደ። በስቶክሆልም ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1927 ከተመረቀ በኋላ በዓይን ሐኪምነት ሥራ ጀመረ። በ1930 ገደማ አንዲት ሕመምተኛ ወደ እርሱ ቀረበች። ዓይኗ ደርቋል፤ አፏም ምራቅ አጥቷል፤ መገጣጠሚያዎቿም በቁርጥማት ታመዋል። ሌላ ሐኪም ቢሆን ዓይኗን ብቻ አክሞ፤ ስለ አፏና ስለ መገጣጠሚያዎቿ ወደ ሌሎች ሐኪሞች በሰደዳት ነበር። ሾግረን ግን «እነዚህ ሦስቱ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ይሆኑን?» ብሎ ጠየቀ።

ከእርሱ አስቀድሞ በ1925 ፈረንሳዊው ሐኪም አንሪ ጉዤሮ ስለዚሁ ድርቀት ጽፎ ነበር። ጀርመናዊው ኦቶ ሺርመርም በ1903 የዕንባን መጠን መለኪያ ዘዴ አግኝቶ ነበር። ይኸውም ቀጭን ወረቀት በታችኛው ቆብ ላይ አንጠልጥሎ፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደ ራሰ ማየት ነው። ሾግረን ደግሞ ሮዝ ቤንጋል የተባለውን ቀይ ቀለም በዓይን ላይ እያንጠባጠበ፤ በድርቀት የተጎዳውን ቦታ ለይቶ ያይ ነበር። በ1933 የ19 ሴቶችን ሕመም መርምሮ የዶክተርነት ድርሰቱን አቀረበ፤ ከእነዚህም 13ቱ ቁርጥማት ነበረባቸው።

ይሁን እንጂ ፈታኞቹ ለድርሰቱ ከፍ ያለ ማዕርግ አልሰጡትም። በዚህም ምክንያት የዩኒቨርሲቲ መምህርነት በር ተዘጋበት። እርሱ ግን ሳያማርር ወደ ዮንሾፒንግ ከተማ ሄዶ በዚያ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ኀላፊ ሆኖ ሠራ። በ1943 አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ብሩስ ሐሚልተን ድርሰቱን ወደ እንግሊዝኛ ስለ ተረጐመው፤ ስሙ በዓለም ታወቀ። በ1961 የስዊድን መንግሥት የፕሮፌሰርነት ማዕርግ ሰጠው። በ1986 ሲሞት በሽታው በስሙ ይጠራ ነበር፤ ዛሬም ይጠራል።

የበሽታው ጠባይ እንዴት ነው? ሰውነታችን ከውጭ የሚመጣበትን ጠላት የሚመክቱ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉት። በዚህ በሽታ ግን ዘበኛው ባለቤቱን ከሌባው መለየት ይሳነዋል። ሕዋሳቱ ወደ ዕንባና ወደ ምራቅ ዕጢዎች ገብተው የገዛ አካላቸውን ይወጋሉ። ዕንባ ደግሞ ለልቅሶ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በዓይን ፊት ያለውን እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን የሚያጥብና የሚጠብቅ ነው። እርሱ ሲጠፋ ሽፋኑ ይቈስላል፤ ካልታከመም ጠባሳው ማየትን ይጎዳል። ከታማሚዎቹ ከ10 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ሰውነት ራሱን የሚወጋባቸው ሌሎች በሽታዎችም ዓይንን ይነካሉ። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት የዓይንን ነጭ ክፍል ሊያስቈጣ ይችላል፤ የአከርካሪ አጥንት ቁጣም ዓይንን አቅልቶ ብርሃን እንዲጠላ ያደርገዋል።

አንባቢ ሆይ፤ ቀኑን ሙሉ በመዝገብ ወይም በኮምፒዩተር ላይ ሲያቀረቅሩ ይውሉ ይሆናል። ዓይንዎ ማምሻውን ቢደክም የሥራ ድካም ነው ብለው ያልፉታል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን አሸዋ የገባበት ያህል መቈርቈሩ ከ3 ወር በላይ በየቀኑ ከዘለቀ፤ ደረቅ ምግብም ያለ ውሃ አልዋጥ ካለዎት፤ ጣቶችዎም ጠዋት ጠዋት ከደረቁ፤ ነገሩን አይናቁት። ጎረቤት ያመሰገነውን የዓይን ጠብታ ከመግዛት ይቈጠቡ፤ አንዳንዱ ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር የዓይን ግፊትን ያስነሣልና። ሕመሙን ፈጽሞ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሆኖም በዕንባ ምትክ የሚንጠባጠብ ፈሳሽና የሰውነትን ቁጣ የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ። በጊዜ የታከመ ዓይን ብርሃኑን ይጠብቃል።

ወደ ዓይን ሐኪም ሲሄዱም ስለ ዓይንዎ ብቻ አይናገሩ፤ ስለ አፍዎና ስለ መገጣጠሚያዎችዎ ጭምር ይንገሩት። የሾግረን ዕውቀት የተገኘው አንዲት ሴት የሕመሟን ሁሉ በመናገሯ፤ እርሱም ሁሉን በመስማቱ ነውና።