ስድስት ኢንች

«ጋሼ፣ የመታጠቢያ ገንዳውን ገዝቼ ነበር፤ አልገባ አለኝ» አለኝ ልጁ በስልክ። የሚደውለው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ካለ የሞባይል ሆም ሰፈር ነው፤ ሞባይል ሆም ማለት ፋብሪካ ተሠርቶ ተጎትቶ የሚመጣ ቤት ነው። ስደርስ አዲሱ ነጭ ገንዳ ኮሪደሩ ላይ በጎኑ ቆሟል። ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ በጠባቧ ክፍተት ወደ መኝታ ቤት ታልፋለች። ሜትሬን አወጣሁ። የገዛው 60 ኢንች በ30 ነው፤ በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው ልክ ይኸው ነው። የአሮጌው ቦታ ግን 54 በ27። በርዝመት ስድስት ኢንች፣ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ነገር።

«ግድግዳውን ትንሽ ገፋ ብናደርገውስ?» አለኝ። ከግድግዳው ጀርባ የውሃ ማሞቂያው ቆሟል።

ያቺ ስድስት ኢንች ከየት እንደ መጣች ቆሜ ነገርኩት፤ እሱ ገንዳው ላይ ተደግፎ ሰማኝ። እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ግን ሰው ቤት ሥር በደረቱ እየተሳበ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው «ይህን እንዲህ አድርጎ የሠራው ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ቤት ለመሥራት ታስቦ አይደለም። በ1929 አካባቢ አርተር ሸርማን የተባለ የሚሺጋን ሰው፣ ሙያው የባክቴሪያ ተመራማሪ፣ በመኪና የሚጎተት ጠንካራ ግድግዳ ያለው ማደሪያ ሠራ። ልጆቹ «ሽፍኑ ሠረገላ» ብለው ቀለዱበት፤ እሱም ስሙን ወስዶ የፋብሪካው መጠሪያ አደረገው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው። መታጠቢያ የለውም። ለሽርሽር የወጣ ሰው መታጠቢያ ምን ያደርግለታል? ካምፑ ውስጥ የጋራ መታጠቢያ ቤት አለ። በ1930ዎቹ ሮጀር ባብሰን የሚባል ታዋቂ የኢኮኖሚ ተንባይ በሃያ ዓመት ውስጥ ግማሹ አሜሪካዊ በተሳቢ ቤት ይኖራል ብሎ ተናገረ። ትንቢቱ አልሠመረም፤ ሰው ግን በእውነት መኖር ጀመረ፣ በተለይ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተተው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ለጦር ፋብሪካ ሠራተኞች መንግሥት ራሱ ተሳቢ ቤቶችን በብዛት ገዛ። ቴነሲ ውስጥ ኦክ ሪጅ፣ የአቶም ቦምቡ ዩራኒየም የተጣራበት ያ ምሥጢራዊ ከተማ፣ ሠራተኞች በተሳቢ ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ መታጠቢያውም መጸዳጃውም የጋራ ነው። ይህን ሳነብ አዲስ አበባ ትዝ አለችኝ። ቅዳሜ ማለዳ ፎጣና ሳሙና በፌስታል ይዘን ፍል ውሃ የምንሰለፈው፣ ውሃ ከቦኖ በጀሪካን የምንቀዳው። በዓለም ላይ ረቂቅ የተባለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ጭቃ እየረገጠ ገላውን ሊታጠብ ሲሄድ ይታያችሁ።

መታጠቢያው ወደ ውስጥ የገባው ከጦርነቱ በኋላ ነው፣ ያውም ተጨናንቆ። የተሳቢው ስፋት በመንገድ ሕግ 8 ጫማ ነበር። ኮሪደር የሚባል ነገር የለም፤ ከኋላ ያለው ክፍል ለመድረስ በሌላው ሰው መኝታ ማለፍ ግድ ነው። የዊስኮንሲኑ ኤልመር ፍሬይ በ1950ዎቹ አጋማሽ 10 ጫማ የሆነውን ይዞ ሲመጣ ኮሪደር ተገኘ። «ሞባይል ሆም» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው ይባላል። የሚያስቀኝ እዚህ ላይ ነው። 10 ጫማ የሆነ ቤት በቤተሰብ መኪና አይጎተትም፤ ልዩ ፈቃድና የጭነት መኪና ይፈልጋል። «ተንቀሳቃሽ» የሚል ስም የወጣለት መንቀሳቀሱን ባቆመ ማግስት ነው። አብዛኛው ከፋብሪካ ወጥቶ አንድ ቦታ ከተቀመጠ እዚያው ያረጃል።

ሠሪዎቹ ግን ይሄዳል ብለው ሠሩት። ለኔ ለጠጋኙ ሁሉም ነገር የሚፈታው በዚህ ነው። ስለሚሄድ መቅለል አለበት፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነው የብረት ገንዳ ቀርቶ ፕላስቲክ ወይም ፋይበርግላስ ገባ። ስለሚጠብ 60 ኢንቹ ገንዳ 54 ሆነ። የግድግዳው እንጨት ቀጠነ፣ ወለሉ ቺፑድ ሆነ። ቺፑድ ደግሞ ውሃ ሲነካው እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። ፋብሪካው ቤቱን የሚሠራው እንደ መኪና በመስመር ነው። መጀመሪያ የብረት ሻንሲው፣ ቀጥሎ ወለሉ ይመጣል፤ ገንዳው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነው ግድግዳው በዙሪያው የሚቆመው። ስለዚህ አሮጌውን ማውጣት ስፈልግ ብዙ ጊዜ በመጋዝ ለሁለት እቆርጠዋለሁ። ሥሩ በደንብ ካልተደገፈ ሰው በቆመበት ቁጥር ይለምጣል፤ ዓመታት ሲያልፉ ፍሳሹ አካባቢ ይሰነጠቃል። የሚፈሰው ውሃ ወዲያው አይታይም። ከወለሉ ሥር ሙቀት መጠበቂያውን ደግፎ የያዘ ጥቁር ላስቲክ አለ፣ ሠራተኞቹ «ሆድ» የምንለው። ውሃውን ይቋጥርና ያብጣል። ስወጋው በላዬ ላይ የወረደውን ለእናንተ አልነግርም።

ሚክሰሩም ያው ነው። የድሮዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ላያቸው ኒኬል መስሎ ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ባዶ። ባለሁለት እጀታ ሆነው ከግድግዳው ጀርባ በሁለት ዳዶ ይያዛሉ። ጀርባቸው የሚገኘው በመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን በኩል ነው፤ ልብሱን ገለል አድርጎ ትንሿን መዝጊያ በካቻቢቴ መፍታት ነው። በብዙዎቹ ለገንዳው ብቻ የሚሆን መዝጊያ ቫልቭ የለም። አንዲት የቧንቧ ጎማ ለመቀየር የቤቱ ውሃ በሙሉ ይዘጋል፣ መዝጊያውም ከቤቱ ሥር ነው። ኮሎራዶ በረዶ ወር ላይ ደረትህ መሬት ነክቶ፣ ቧንቧው እንዳይረጋ የተጠመጠመበትን የኤሌክትሪክ ገመድ እየተጠነቀቅክ።

አንድ ጊዜ ሰንፌ ሳልዘጋ ቀረሁ። አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሜሪካዊት አሮጊት ቤት ነበር፤ ሻወራቸው ይንጠባጠባል፣ «ሌላ ምንም የለውም» ብለውኛል። ልለካ ብዬ መገጣጠሚያውን በሁለት ጣቴ ብነካው ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ግራጫ ቧንቧ፣ በላዩ ፒቢ 2110 ተጽፎበታል። መዝጊያው ጋ እስክደርስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ልብስ በሙሉ ራሰ። ከልብሱ አንዱ የሟች ባለቤታቸው ካፖርት ነበር። የልብስ ማጠቢያውን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ።

ያ ግራጫ ነገር ፖሊቡቲሊን ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1995 አካባቢ ለሞባይል ሆም ፋብሪካዎች የሰማይ ስጦታ ነበር። ይረክሳል፣ ይታጠፋል፣ እንደ መዳብ ብየዳ አይፈልግም፣ ቅዝቃዜም ቶሎ አይሰነጥቀውም። ነገር ግን ለጽዳት ውሃው ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ቧንቧውን ከውስጥ በኩል ይበላዋል፣ የፕላስቲክ መገጣጠሚያውንም ያደርቀዋል። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ ክፋቱም ይህ ነው። በ1995 ቴነሲ ውስጥ በፍርድ ቤት በተደረገ ስምምነት አምራቾቹ ለመጠገኛ 950 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ቧንቧው ግን ዛሬም በብዙ ቤት ወለል ሥር አለ። ስከፍት ባገኘሁት ቁጥር ባለቤቱ ቢያኮርፍም «የተሰበረችውን ብቻ» አልጠግንም፤ ፔክስ ወደሚባለው ቧንቧ ቀይሩት እላለሁ።

ሕግም ዘግይቶ መጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሞባይል ሆም ይመረት ነበር፤ ጥራቱ ግን እንደየፋብሪካው ኅሊና ነው። ኮንግረሱ በ1974 ሕግ አወጣ፤ የአገሪቱ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ደንብ ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ እያንዳንዱ ቤት ጀርባው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ላሜራ ተመቶበታል። እኔ ማንኛውም ቤት ስደርስ መጀመሪያ የምዞረው ወደ ጀርባው ነው። ቀይዋ ከሌለች አንድም ተነቅላለች፣ አንድም ቤቱ ከ1976 በፊት የተሠራ ነው፤ ያኔ ሥሩ ምን እንዳለ ከፍቶ ማየት ብቻ ነው። በ1980 ደግሞ ስሙ ራሱ በሕግ «ማኑፋክቸርድ ሆም» ተባለ። አፉን ሞልቶ እንዲያ የሚጠራው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፣ ከሻጮች በቀር።

ልጁ ገንዳውን መለሰ። ትክክለኛው የሞባይል ሆም ዕቃ ብቻ ከሚሸጥ ቤት ታዝዞ እስኪመጣ፣ ቤተሰቡ ገላውን የሚታጠበው ጎረቤት እየሄደ ነበር። ያበጠውን ቺፑድ ቆርጬ በወፍራም ፕላይውድ ቀየርኩ፣ ከገንዳው ሥር ድጋፍ አስገባሁ፣ ለሙቅና ለቀዝቃዛው አንድ አንድ ቫልቭ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አኖርኩ። ቀጣዩ ሠራተኛ ይመርቀኛል።

አሮጌ ሞባይል ሆም ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የመኝታ ቤቱን ቁም ሣጥን ክፈቱና የገንዳውን ጀርባ በባትሪ እዩ። ግራጫ ቧንቧ ካያችሁ ከዋጋው ላይ ይቀነስላችሁ። ገንዳ ስትገዙም መጀመሪያ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ 54 በ27 ነው።