በደብረ ብርሃን ስለ ተገኘ አንድ የጥይት ቀለህ

በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት በሣጥናቸው ካኖሩት የቤተ ሰብ ዕቃ መካከል አንድ የናስ ቀለህ አውጥተው አሳዩኝ። «አያቴ ከዐድዋ ይዘውት የመጡት ነው፤ ልጄ» አሉኝ። ገልብጬ ግርጌውን ስመለከት ኤስ፣ ኤም፣ አይ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎችና 936 የሚል ቍጥር ተቀርጾበት አገኘሁ። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ይኸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፌአለሁ፤ ጥይት ሠሪዎቹ የሚቀርጹት በዚሁ አቈጣጠር ነበርና።)

ፊደሎቹ «ሶቼታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና» የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ምልክት ናቸው። 936 ማለት 1936 ነው፤ የሺሑ አኃዝ ተትቷል። የቀለሁ አፍ ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ይህ የኢጣልያ ጦር በ1891 ለተቀበለው ለካርካኖ ጠመንጃ የሚሆን ነው። በ1896 በዐድዋ የተሰለፈው የኢጣልያ ጦር ግን አብዛኛው የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ነበረ፤ የዚያም ጥይት ከ10 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ዓመቱ ባይቀረጽበት እንኳ ስፋቱ ብቻ ባጠራጠረን ነበር።

ይሁን እንጂ የቀለህ ምልክት የሚመሰክረው ስለ ሠሪው እንጂ ስለ ተኳሹ አይደለም። በአገራችን ጥይት ውድ ስለ ነበረ ባዶ ቀለህ እየተሰበሰበ፥ ካፕሱል፣ ባሩድና እርሳስ እየተጨመረበት እንደ ገና ይሞላ ነበር። የውጅግራ ጥይትም በገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። የጠመንጃ ስምም ያሳስታል። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ በ1887 አንኮበር የደረሰበትን የንግድ ጭነት፥ ገና በ1886 ለፈረንሳይ መንግሥት በተጻፈው ደብዳቤ 2,040 ናስማስር ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ብሎ ቈጥሮታል። ሬሚንግተን አሜሪካዊ የጠመንጃ ሠሪ ነው፤ ለጠመንጃው የሚሆነውን ጥይት ግን በአውሮፓ ያሉ ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩት ነበር። ስለዚህ ግርጌውን ሳያዩ «የሬሚንግተን ጥይት ነውና የአሜሪካ ነው» ማለት አይቻልም።

ምልክት አለመኖሩም አንዳንድ ጊዜ ራሱ ምስክር ነው። የጀርመን መንግሥት በ1935 በምስጢር ለኢትዮጵያ የላከው 10,000 ሞዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት እንደ ነበረ፥ የመሣሪያውም የፋብሪካ ምልክት እንዲጠፋ እንደ ተደረገ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ያገኘሁትን ለእኒያ እናት መንገር ፈርቼ ነበር። የአያታቸውን ዘመቻ የካድሁባቸው እንዳይመስላቸው «እማማ፥ አያትዎ ዐድዋ አልዘመቱም አላልሁም፤ ይህ ቀለህ ግን ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ቈይቶ የተሠራ ነው» አልኋቸው። ከ1936 እስከ 1941 በሸዋ፥ በመንዝና በአንኮበር አካባቢ ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች ይዋጉ እንደ ነበረ፥ ከጠላት የተማረከ ጥይትም ዋና ስንቃቸው እንደ ነበረ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ «አባቴ በአምስቱ ዘመን ጫካ ነበሩ» አሉ። ቀለሁንም ተቀብለው ግርጌውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ፊደሉን ባያነቡትም በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በኋላ በቍራጭ ወረቀት ላይ ሁለቱንም፥ የቤተ ሰቡን ቃልና የግርጌውን ጽሕፈት፥ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። ጽፌ ሰጠኋቸው፤ በክር አስረው ወደ ሣጥኑ መለሱት።