የካንሰር ሕሙማን ማጨስ እንዲያቆሙ የሚሰጥ የባለሙያ እገዛ

የካንሰር ሕሙማን ሲጋራ ማጨስ እንዲያቆሙ መርዳት የሕክምናው አንድ አካል መሆኑን በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይሁንና ብዙ አጫሾች በሽታው ከተገኘባቸው በኋላ "ከእንግዲህ ባቆም ምን ይፈይዳል" በሚል ማጨሳቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንድ የጤና ባለሙያዎችም ሕመምተኛውን ላለማስጨነቅ ሲሉ ጉዳዩን ሳያነሱት ያልፋሉ።

እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት ግን የሚፈይደው ብዙ መሆኑን አሳይቷል። በሞስኮ በተካሄደው በዚሁ ጥናት የሳንባ ካንሰራቸው ሳይስፋፋ የተደረሰበት 517 አጫሾች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከምርመራው በኋላ ማጨስ ያቆሙት ካላቆሙት ይልቅ በመካከለኛ ስሌት 21 ነጥብ 6 ወራት የበለጠ በሕይወት ቆይተዋል።

የሲጋራ ጭስ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ስለሚቀንስ የቀዶ ሕክምና ቁስል ቶሎ እንዳይሽር ያደርጋል፤ የጨረር ሕክምናንም ውጤት ያዳክማል። ኤርሎቲኒብን የመሰሉ የካንሰር መድኃኒቶችም በአጫሹ ሰውነት ውስጥ ፈጥነው ስለሚወገዱ የሚፈለገውን ያህል ላይሠሩ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው መመሪያ የጤና ባለሙያዎች ከ30 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚወስድ ምክር በመደበኛነት እንዲሰጡ ያሳስባል። ምክሩ ወቀሳ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ሕመምተኛው በቀጣዩ ቀጠሮ ማጨሱን መደበቁ አይቀርም። ኒኮቲን ሲቋረጥ የሚከተሉት ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት በሽታው የባሰ ሊያስመስሉ ስለሚችሉ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚታኘክ የኒኮቲን ምትክ ስሜቱን ለማስታገስ ያግዛል። በአገራችን ብዙዎች ጫት ሲቅሙ የሚያጨሱ በመሆኑ ስለ ጫቱም አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በጤና ተቋማት ማጨስን ይከለክላል። ክልከላው አጫሹን ከግቢ ያስወጣዋል እንጂ በራሱ ሱሱን አያስተወውም። የጨረር ሕክምና የሚከታተል ሰው ለሳምንታት በየዕለቱ ወደ ሆስፒታል ስለሚመላለስ ከሐኪሙ ይልቅ ነርሶችና የጨረር ቴክኒሻኖች በቅርበት ያገኙታል። የማጨስ ሁኔታው በካርዱ ላይ ከተመዘገበ ተረኛ የሆነው ሁሉ ካለፈው ቀን ቀጥሎ ሊጠይቀው ይችላል። የሚያጨስ አስታማሚም ካለ ምክሩ ለሁለቱም ሊሰጥ ይገባል።