ቺሊዳ፡ ባዶ ቦታን በብረት የቀረጹ የጥበብ ሰው

ኤዱዋርዶ ቺሊዳ እ.ኤ.አ በ1924 በሰሜን ስፔን ሳን ሴባስቲያን ከተማ የተወለዱ ባስካዊ ቀራጺ ነበሩ። በወጣትነታቸው የሪያል ሶሲዳድ ግብ ጠባቂ የነበሩት ቺሊዳ፣ በጉልበት ጉዳት ሳቢያ ከስፖርቱ ተለይተው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቢጀምሩም ሳይፈጽሙት ወደ ቅርጻ ቅርጽ ሙያ ዞረዋል። እ.ኤ.አ በ1951 ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰውም ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሙያውን ቀስመዋል።

ቺሊዳ በኋለኞቹ ሥራዎቻቸው ሰውንም ሆነ እንስሳን የሚመስል ቅርጽ አልሠሩም ማለት ይቻላል። ትኩረታቸው ያረፈው ቦታ ምንድን ነው በሚለው ፍልስፍናዊ ጥያቄ ላይ ሲሆን፣ ባዶው ቦታ ከብረቱ ያላነሰ የቅርጹ አካል እንደሆነ ያምኑ ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ቦታ የጻፉት ድርሳንም እ.ኤ.አ በ1969 ከቺሊዳ ሥራዎች ጋር በአንድነት ታትሟል።

«የነፋስ ማበጠሪያ» የተሰኘው ሥራቸው እ.ኤ.አ በ1977 በሳን ሴባስቲያን የባሕር ዳርቻ ቋጥኞች ላይ ተተክሏል። ሦስቱ የአረብ ብረት ቅርጾች እያንዳንዳቸው 10 ቶን ያህል የሚመዝኑ ሲሆን፣ በታጠፉት ክንዶቻቸው መካከል የሚያልፈው ነፋስ የሥራው አካል ነው።

በጀርመን መራሔ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት የቆመው «በርሊን» የተሰኘው ሥራቸው ደግሞ እርስ በርስ የሚፈላለጉ በሚመስሉ የብረት ክንዶቹ የአገሪቱ መከፋፈልና ዳግም ውህደት ምሳሌ ተደርጎ ይወሰዳል። በክንዶቹ መካከል ያለው ክፍተት የመለያየት ምልክት የመሆኑን ያህል የመገናኛ ስፍራም ነው።

ቺሊዳ እ.ኤ.አ በ2002 በ78 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።